ከዝርዝሩ የቀረው ስም

ረቡዕ ነበር። በዚያ ረቡዕ የተለየ ነገር አልሆነም፤ ስለዚህ ነው ከእሱ የምጀምረው። ወንድሜ ማርቆስ በሕይወት የነበረበት የመጨረሻው ሙሉ ቀን ነው፤ እኛ ግን እንደ ማንኛውም ረቡዕ አሳለፍነው።

ማርቆስ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ሆሳዕና ውስጥ ባጃጅ ይነዳ ነበር። እኔ ታምራት እባላለሁ፤ እሱ በአምስት ዓመት ይበልጠኛል። ሥራዬ ታፔላ መጻፍ ነው። የሱቅ፣ የምግብ ቤት፣ የጸጉር ቤት ስም በቆርቆሮ ላይ በብሩሽ እጽፋለሁ። አሁን ብዙ ሰው በማሽን የታተመ ያሰቅላል፤ የእጅ ጽሑፍ የሚወዱም ግን አሉ።

እጅህ ጥሩ ነው ይሉኛል። ችግሬ መጨረስ ነው። አንዱ ፊደል ከጎኑ ካለው ትንሽ ዝቅ ካለ እፍቀዋለሁ፤ እንደገና እጽፈዋለሁ፤ ከዚያ የመጀመሪያው ይሻል ነበር ብዬ እበሳጫለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስፈተንም እንዲሁ ነበርኩ። የሒሳብ ፈተና ላይ አንድ ጥያቄ ይዤ እየሠራሁ፣ እየሰረዝኩ፣ ደወል ሲደወል ግማሹን ወረቀት ገና አልነካሁትም። ዩኒቨርሲቲ ሳልገባ ቀረሁ። ሰው ሰነፍ ይለኝ ነበር። እኔ ራሴን የምለው ከዚያ የከፋ ነው።

ወደ ሲስተር ማርታ የወሰደኝ ማርቆስ ነው። ሲስተር ማርታ ነርስ ነበረች፤ በኋላ የሥነ ልቦና ምክር ተማረች። ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከአንድ ክሊኒክ ጀርባ ባለች ክፍል ውስጥ ሰብስባ ታወያየናለች። አራት ነን። እኔ፣ አንድ የሒሳብ መምህር፣ አንዲት የባንክ ሠራተኛና የሙሽራ ልብስ የምትሰፋ እናት። የአራታችንም ሕመም አንድ ነው። የሠራነው አይበቃንም፤ ራሳችንን ስንሰድብ እንውላለን።

መጀመሪያ ቀን አልገባም ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ። ማርቆስ ከባጃጁ ሳይወርድ፣ "ካልገባህ እዚሁ ሆኜ ክላክስ እነፋለሁ" አለኝ።

"አታደርገውም።"

አደረገው። ሰው ሁሉ ሲያየን ጊዜ ገባሁ።

በዚያ ረቡዕ ሲስተር ማርታ ወረቀት ሰጠችን። ለራሳችን የምንናገረውን፣ ቃሉን ሳንለውጥ፣ እንድንጽፍ ነገረችን። ግማሽ ገጽ ሞላሁ። ስጨርስ፣ "አሁን ለመምህሩ አንብብለት። ለእሱ እንደምትናገር ሆነህ" አለችኝ።

መምህሩ ሃምሳ ዓመት የሚጠጋው፣ መነጽር የሚያደርግ ሰው ነው። ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ጠበቀኝ። የመጀመሪያው ቃል "አንተ የማትረባ" ነው የሚለው። አፌ ላይ ደርሶ ቆመ።

"አልችልም ሲስተር።"

"ለምን?"

"ነውር ነው። ትልቅ ሰው ነው።"

ሳቁ። መምህሩም፣ "እኔማ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ከተማሪዎቼ ስንት ሰምቻለሁ" አለ። ሲስተር ማርታ፣ "ወረቀቱን ኪስህ ውስጥ አድርገው" አለችኝና የቤት ሥራ ሰጠችኝ። "እስከሚቀጥለው ረቡዕ አንድ ታፔላ፣ ጉድለቱን እያየህ አስረክብ። አታስተካክለው። ከዚያ የሆነውን መጥተህ ትነግረናለህ።"

ማርቆስ ውጭ እየጠበቀኝ ነበር። የቤት ሥራዬን ስነግረው መሪውን እየመታ ሳቀ። "ይሄማ እኔ በየቀኑ የምሠራው ነው! ሲስተር ደመወዝ ትክፈለኝ።"

ከባጃጁ ኋላ "አይዞን" ብዬ ጽፌለት ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ገና ስለማመድ የጻፍኩት ስለሆነ ወደ መጨረሻው ወደ ታች ይወርዳል። ላስተካክለው ብዬ ያልለመንኩት ቀን የለም። በዚያ ረቡዕም ለመንኩት።

"አትነካትም" አለኝ። "ከኋላዬ የሚነዳው ሁሉ አንገቱን አጣሞ ነው የሚያነባት። ለተሳፋሪም፣ ወንድሜ ነው የጻፈው፣ እላለሁ።"

ይኸው ነው ረቡዕ።

ሐሙስ ጊምቢቹ ለምትባለው ጎረቤት ከተማ የሚሄድ ታፔላ ነበረኝ። አቶ ዮሐንስ የሚባሉ ሰው እዚያ ምግብ ቤት ሊከፍቱ ነው። ማርቆስም ወደ ጊምቢቹ ተሳፋሪ ሊጭን ስላሰበ እሱ ሊያደርስልኝ ተስማማን። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ወደ ሥራ ቦታዬ መጣ። ፀሐይ ነበር።

"ደረቀ?"

"አምስት ደቂቃ። ይቺ የመጨረሻዋ ፊደል ገባ ብላለች።"

"የቷ?"

"እያት እንጂ።"

ጎንበስ ብሎ አየ። "ታሜ፣ ሰውዬው ቤት ሰው የሚገባው ምሳ ሊበላ ነው።"

ስድስት ሰዓት ላይ ተመልሶ መጣ፤ ፊደሏን ፍቄያት ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ መጣ፤ አዲሷ ወፍራለች ብዬ እንደገና ጀምሬ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከእጄ ነጠቀኝ ማለት ይቻላል። ታፔላውን ከኋላ ወንበሩ ጎን አቁሞ በገመድ አሰረው። እኔ አሁንም ፊደሏን እያየሁ ነበር።

"ደህና ናት" አለኝ። "ባትሆንም ደህና ናት።"

ሲሄድ ፊቱን አላየሁትም። ፊደሏን ነበር የማየው።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። ከአሥር ሰዓት በኋላ ስልኬ ጠራ፤ የማላውቀው ሰው ነው። ባጃጁ ከከተማው ወጣ ብሎ ቁልቁለት ላይ ተንሸራቶ ተገልብጧል አለኝ። ሆስፒታል ስደርስ ማርቆስ አልፎ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። አላለቀስኩም። አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው። አራት ሰዓት ላይ ፀሐይ ነበር። ታፔላውን አራት ሰዓት ላይ ብሰጠው ኖሮ ዝናቡ ሳይመጣ ጊምቢቹ ደርሶ ነበር። የቤት ሥራዬም ያው ነበር፤ እንዳለ ስጥ ነው የተባልኩት። አልሰጠሁም። በአንዲት ፊደል ወንድሜን ገደልኩት። እዚያ ወንበር ላይ ራሴን ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም።

አርብ ጠዋት አጎቴ ኤርጫፎ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ መጣ። በእኛ ዘንድ ሰው ሲቀበር ከጸሎቱ በፊት የሕይወት ታሪኩ በለቀስተኛው ፊት ይነበባል። የት እንደ ተወለደ፣ ምን እንደ ሠራ፣ በመጨረሻ ደግሞ ማንን ትቶ እንዳለፈ። የመጨረሻው ክፍል ከባድ ነው። አንድ የአጎት ልጅ ወይም አንድ አማች ከተዘለለ ቤተ ዘመዱ ይቀየማል፤ ቅያሜው ዓመት ያልፋል።

"እጅህ ጥሩ ነው፣ አንተ ጻፍ" አለኝ አጎቴ።

ጻፍኩ። ለማርቆስ የቀረኝ ነገር ይህ ብቻ ስለሆነ አንድም ስሕተት እንዳይገኝበት ፈለግሁ። አንዷ መስመር ስትወርድ ቀደድኩት። ሁለተኛው ላይ እንባ ሳይሆን ላብ ጠብ አለበት፤ ቀደድኩት። ሦስተኛውን ለምን እንደ ቀደድኩት አላስታውስም። አራተኛውን ይዤ ስሞቹን አጎቴን አስቆጠርኩት፤ ጣቱን እያጠፈ ሦስት ጊዜ ቆጠረ። "ሁሉም አለ" አለኝ። ቀብሩን የሚመሩት ወንጌላዊ ሁለት ጊዜ ሰው ላኩብኝ። ሕዝቡ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ አለቀ፤ መዘምራኑ ሁለተኛውን መዝሙር ጨረሱ። እዚህም አዘገየሁ።

ስምንት ሰዓት ላይ ማይኩን ሰጡኝ። የሰው ብዛት መሬቱን አያሳይም። እናቴ ከፊት፣ በእህቶቼ መሐል ተቀምጣለች። ከሐሙስ ማታ ጀምሮ አንድ ቃል አልተናገረችም። አነበብኩ። ድምፄ ይቆራረጥ ነበር፤ ግን አንድም ቃል አልሳትኩም። መጨረሻው ላይ ደረስኩ።

"ወንድማችን ማርቆስ እናቱን ወይዘሮ ሎምቤን፣ እህቶቹን አልማዝንና ታደለችን፣ አጎቱን አቶ ኤርጫፎን፣ አክስቱን ወይዘሮ አበበችን..." እያልኩ እስከ መጨረሻው አማች ድረስ ጠራሁ። "...ትቶ በጌታ አንቀላፍቷል" ብዬ ወረቀቱን አጠፍኩ።

"ቆይ!"

አክስቴ አበበች ናት። ማንበብ አትችልም፤ ጆሮዋ ግን ስም አይስትም። ከተቀመጠችበት ተነሣች።

"አላለቀም። ታናሹስ? ማርቆስ ታናሽ ወንድም የለውም እንዴ?"

ወረቀቱን ዘረጋሁ። በጣቴ ፈለግሁ። አልማዝ አለች፤ ታደለች አለች፤ አጎቴ አለ። እኔ የለሁም። አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ አልነበርኩም።

በሕይወቴ ሁሉ የፈራሁት ይህ ነው። በሕዝብ ፊት፣ በማይክ፣ ማንም ሊሸፍነው የማይችለው ስሕተት። መሬቱ ቢከፈት እገባ ነበር።

"አንተን ከየት አመጣንህ? ከመንገድ ነው ያነሣንህ?" አለች አክስቴ፤ እያለቀሰች ነው የምትቆጣኝ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሌላ ሰው። ክፉ ሳቅ አልነበረም።

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። "ጨምርበት" አለች። ከሐሙስ ወዲህ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው።

ማይኩን አነሣሁ። "ታናሽ ወንድሙን ታምራትን" አልኩ። ስሜን ስጠራ ከውስጤ የሆነ ነገር ለቀቀ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ አጎቴ መጥቶ እስኪይዘኝ ድረስ። ሕዝቡም አብሮኝ አለቀሰ። ስሕተቱን እያየ የቆየ አንድም ሰው አላየሁም።

ከቀብር ስንመለስ ገና አልመሸም። ቤታችን ግቢ ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድሯል። ሲስተር ማርታና መምህሩ አንድ ላይ መጥተው ጥግ ላይ ተቀመጡ። ላናግራቸው አልፈለግሁም፤ የቤት ሥራዬን ትጠይቀኛለች ብዬ እንደ ልጅ ፈራሁ።

ቆየት ብላ አንዲት ሴት ክንዷን በጨርቅ አንጠልጥላ ገባች። ዘነበች ትባላለች፤ ሽንኩርት ነጋዴ ናት። ሐሙስ ዕለት ባጃጁ ውስጥ የነበረችው ተሳፋሪ እሷ ናት። እናቴ እግር ሥር ተንበረከከች።

"እኔ ነኝ ያስገደልኩት" አለች። "የሽንኩርቴ ጆንያ ተተርትሮ ነበር። ወርዶ፣ መርፌ ለምኖ፣ ሰፋልኝ። እሱ ባይቆምልኝ ዝናቡ ሳይደርስ ቁልቁለቱን እናልፍ ነበር።"

ከወንበሩ ጫፍ ሌላ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። አቶ ዮሐንስ ናቸው፤ ከጊምቢቹ ለልቅሶ መጥተው ነው። "ነገ ላምጣልዎ ብሎኝ ነበር" አሉ ወደ መሬት እያዩ። "ዛሬ ካልሆነ ብዬ ሦስት ጊዜ ደወልኩለት። ለቆርቆሮ።"

አሁን እኔም መናገር ነበረብኝ። ሁለቱም እኔ ያጠፋሁትን በራሳቸው ላይ እየወሰዱ ነው። አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ።

"አይደለም" አለች። "ዘጠኝ ሰዓት አልፎ፣ ምሳ ሳይበላ እዚህ ደረሰ። ልሂድ አለኝ። ሳትበላ አትሄድም ብዬ የባጃጁን ቁልፍ ደበቅሁበት። እየሳቀ ቁጭ ብሎ በላ። ሰማዩ መጥቆሩን እያየሁ ነው የደበቅሁበት። እኔ ነኝ። የማልረባ እናት። የማልረባ።"

ኪሴ ውስጥ ያለው ወረቀት የሚጀምረው በዚያ ቃል ነው። በእናቴ አፍ ስሰማው ቃሉን አላወቅሁትም፤ እንደ ጥፊ ሆነብኝ።

"እማዬ፣ እንዲህ አትበዪ!" አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። "ምሳ ነው ያበላሽው። የራበውን ልጅሽን ምሳ ነው ያበላሽው። ዝናቡን አንቺ አላዘነብሽም።"

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ሲስተር ማርታም አየችኝ። የተናገርኩትን ራሴ ሰማሁት። ዝናቡን አንቺ አላዘነብሽም። በዚያው ትንፋሽ እኔም ተናገርኩ። አራት ሰዓት ላይ እንደ መጣ፣ ስድስት ላይ እንደ መጣ፣ ስምንት ላይ እንደ መጣ፣ ስለ አንዲት ፊደል እንዳቆምኩት ነገርኳቸው። እናቴ እጄን ያዘች። "ሥራህን እየሠራህ ነበር እኮ" አለችኝ።

አጎቴ ኤርጫፎ ባርኔጣውን አወለቀ። "እንግዲህ ማርቆስን ያላዘገየው ማን አለ? እኔም ማገዶ አስጭኜዋለሁ።"

"እሱማ ረቡዕ ነው" አለች አክስቴ።

"ረቡዕም ቢሆን አዘግይቼዋለሁ!"

እናቴ ሳቀች። ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ፣ እያለቀሰች ሳቀች። ከዚያ ሰው ሁሉ ማርቆስን እንዴት እንዳዘገየው መናገር ጀመረ። አንዷን ለምርመራ ወስዶ ውጤቷ እስኪመጣ ጠብቋታል። አንዱ የጠፋ በግ ሲፈልግ አብሮት ውሏል። ማርቆስ በሰዓቱ የደረሰበት ቦታ የለም ማለት ነው። እምቢ ማለት አያውቅማ።

ሲስተር ማርታን እስከ በሩ ሸኘኋት።

"ሲስተር፣ የቤት ሥራውን ብሠራው ኖሮ በሕይወት ይኖር ነበር።"

ታባብለኛለች ብዬ ነበር። "ምናልባት" አለችኝ። "አላውቅም። አንተም አታውቅም። ለእናትህ ያልካትን ግን ሰምተሃል?"

"ሰምቻለሁ።"

"እሱን ያዝ። ረቡዕ እንጠብቅሃለን።"

መምህሩ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። "ያን ወረቀት አሁንም ልታነብልኝ ትችላለህ" አለ። "አይ፣ ጋሼ" አልኩት። "ለማንም አላነበውም።"

አቶ ዮሐንስም ሲወጡ ከአደጋው ቦታ መጥቶ ግቢው ውስጥ የተጋደመውን ታፔላ አዩት። ጭቃ ለብሷል፤ አንዱ ጥግ ታጥፏል። ያቺ ፊደል ግማሿ ተፍቋል። አዲስ እጽፍልዎታለሁ አልኳቸው። "ልጄ፣ ይሄንኑ እሰቅለዋለሁ" አሉና በብብታቸው ይዘውት ሄዱ።

ይህን የምታነቡ፣ ከእናንተ መሐል እንደ እኔ ያለ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ወንድሜ ሞቶ ዳንኩ ማለቴ አይደለም። አሁንም ፊደል እፍቃለሁ። ረቡዕ ረቡዕም እሄዳለሁ። ግን እንዴት እንደምነግራችሁ እንጃ... ያን ሁሉ ሰው ሳይረሳ የጻፈ እጅ ራሱን ለምን ዘለለ ብዬ ብዙ አስቤያለሁ። ረስቼ አይመስለኝም። በዚያ ጠዋት ከማርቆስ ቤተሰብ ተርታ ልቆጠር የሚገባኝ አልመሰለኝም ነበር። እንከን የሌለው ወረቀት ልሥራ ብዬ ትልቁን እንከን የሠራሁት ራሴን በማውጣት ነው። ያንን ያየችው ደግሞ ማንበብ የማትችል አክስቴ ናት። ራሳችሁን የምትሉትን አንድ ቀን የምትወዱት ሰው ስለ ራሱ ሲናገር ብትሰሙት ትደነግጣላችሁ። እኔ ደንግጬ ነው የነቃሁት። ሸክሙ ሁሉ አልተነሣልኝም፤ ግን መተንፈስ ችያለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ የሕይወት ታሪኩን ጠየቀችኝ። መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ልታስቀምጠው ነው። ወረቀቱን አወጣሁ። ከላብና ከመያዝ ብዛት ተጨማዷል፤ ስሜም የለበትም። ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ ወረቀት ነበር፤ ማስመሪያም ነበር። እጄ ወደ ንጹሑ ሄደ።

መለስኩት። ከአልማዝና ከታደለች ስም በላይ ባለው ጠባብ ክፍተት፣ በእስክሪብቶ፣ "ታናሽ ወንድሙን ታምራትን" ብዬ ጨመርኩ። ቦታው አልበቃ ሲል ጽሑፉ ወደ መጨረሻው ወደ ታች ወረደ። ልክ ባጃጁ ላይ እንዳለው። ሲወርድ አየሁት።

"አለቀ?" አለችኝ እናቴ።

"ደህና ናት" አልኳትና ሰጠኋት።